ፍልፈል ልትቆጥሪ ነው ብለው ለሚስቁብሽ

እሙዬ፣

ትናንት ስንደዋወል ድምፅሽ ልክ አልነበረም። «አባዬ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያጠኑ እኔ ባሌ ወጥቼ የፍልፈል ጉድጓድ ልቆጥር ነው» ስትዪኝ ስልኩ ላይ መልስ አጣሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይሄን ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

ስምንት ዓመትሽ እያለ ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ ያየነውን ታስታውሺያለሽ? ቀይ ቀበሮው ጆሮውን ቀስሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። አንቺም እንደሱ ዝም ብለሽ ቆምሽ። በረደን፣ እንሂድ ብልሽ እምቢ አልሽ። ያ የሚጠብቀው ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቀበሮውም ቢሆን በመላ አገሪቱ ጎልማሳው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው የሚኖረው።

ስለ አስተውሎት ካነሣሽ ደግሞ ፊንጫ ሀበራን ልንገርሽ። እዚሁ ባሌ፣ 3,469 ሜትር ላይ ያለ የዐለት መጠለያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት እንደነበር አሳይቷል። ያኔ የተራራው አናት የበረዶ ግግር ነበር። ምን በሉ መሰለሽ? ፍልፈል! የተቃጠለ አጥንቱ እሳት ያነደዱበት ቦታ ላይ በብዛት ተገኝቷል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ፍለጋ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር። እስቲ አስቢው፣ ፍልፈሉ መቼ ብቅ እንደሚል፣ የት እንደሚበዛ፣ የቀለጠው በረዶ በየት በኩል እንደሚወርድ ሳያውቅ ማን እዚያ ብርድ ውስጥ ይከርማል? ጉድጓዱን አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም የምታጠኚው። ጓደኞችሽን አልነቅፍም፣ ጥሩ ነገር ነው የያዙት። ግን አስተውሎት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ተራራ ላይም ይፈልግ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚያ የጥንት ሰዎች ሲከፋባቸው ወደ ቆላ መውረድ ይችሉ ነበር። ፍልፈሉ ግን ሙቀት ሲጨምር የሚሸሸው ወደ ላይ ነው፤ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ነው። ከታች ገብሱና ከብቱ እየገፋ ይመጣል። ገበሬውን አልፈርድበትም፣ መሬት ጠቦት ነው። አብሮት የሚወጣው ውሻ ግን ለቀበሮው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞለት ይመጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ መመዝገቡ ብቻውን ግን ጉድጓዱን አይቆጥርም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2024 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው ቀይና ቢጫ አበባ ማር ሲልስ አየን ብለው ጻፉ። ሥጋ በል አውሬ፣ አበባ! የእረኛ ልጆች ያንኑ አበባ ሲልሱ ኖረዋል። እዚያ ስትወጪ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ፣ አደራ።

ጥር ላይ ስትመጪ ደብተር የሚይዝልሽ ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁ። ጉልበቴ ዳገቱን ቀስ ካልኩ ይችለዋል። ጋቢሽን እናትሽ አጥባ አስጥታዋለች።

አባትሽ