እማዬ፣ እንክብሉን አትተዪው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ድምፁ ጎርንኗል፤ ከሌላ ክፍል ሲናገር ስሰማው አባዬ የመጣ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ወሬዋ ግን አልቀነሰም። ይኸው ስለ ልጆቹ እያወራሁ ገጹ ሊያልቅብኝ ነው።

ለደም ማነስሽ የታዘዘልሽን የአይረን (የብረት) እንክብል ትተሽዋል አሉ። እህቴን አትቆጪያት፤ እኔ ነኝ አጥብቄ የጠየቅኋት። ሆዴን አደረቀኝ፣ ዓይነ ምድሬንም አጠቆረው ብለሻል። መጥቆሩ አያስፈራም፤ ሰውነት ያልወሰደው ብረት ነው የሚያጠቁረው። የሚያስፈራው እንደ ሬንጅ ሲጣበቅና ክፉ ሽታ ሲኖረው ነው፤ ያኔ ደም ሊሆን ስለሚችል ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም መንገር አለብሽ። ለድርቀቱ ደግሞ መላ አለው። ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና ለአንድ ቀን ያህል ተከታዩ ብረት በደንብ እንዳይገባ ያግደዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ቀን እየዘለሉ እንዲዋጥ ያዝዛሉ። ሐኪምሽን ጠይቂው፤ በራስሽ ግን አትወስኚ።

በሻይ እንደምትውጪውም አውቃለሁ። ሻይም ቡናም ወተትም ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። በውኃ፣ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ነው የሚሻለው። ካቅለሸለሸሽ ጥቂት ነገር ቅመሺበት፤ የሚገባው ቢቀንስም ጨርሶ ካለመዋጥ ይሻላል። የቃር መድኃኒትሽንም ሐኪሞቹን አትደብቂያቸው፤ የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ደግሞ ስንመጣ እንክብሉን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆልፊልኝ። ትንሿ ከረሜላ ይመስላታል፤ ብረት ሲበዛ ሕፃን ይገድላል።

«አሁን ደህና ነኝ» ማለትሽን ተዪው። ባለፈው ደረጃው መሃል ላይ ቆመሽ የቦርሳሽን ዚፕ ስትከፍቺና ስትዘጊ አይቼሻለሁ። ከቦርሳው የምትፈልጊው ነገር አልነበረም፤ ትንፋሽሽን ነበር የምትሰበስቢው። ሄሞግሎቢንሽ 9 ነው፤ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው። 12 ቢደርስ እንኳ የሰውነትሽ ክምችት እስኪሞላ 3 ወር ያህል ትቀጥያለሽ።

አባዬን «ጨጓራ ነው» ነበር ያላችሁኝ። ፈተናዋን እንዳይረብሻት ብላችሁ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ ስመጣ ግን አባዬ አያውቀኝም ነበር። ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ጎረቤቱ ሳይቀር። ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አይጠፋኝም። ያሳደግሽኝ፣ ከአፍሽ ነጥቀሽ ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ። ግን እስከ ዛሬ ስልክ በጠራ ቁጥር የምትደብቁኝ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ደግሞም አለ።

የምርመራውን ቀጠሮ ሰርዘሻል።

በአንቺ ዕድሜ ብረት ሲያንስ እንክብል ብቻ አይበቃም፤ ደሙ የት እንደሄደ መታወቅ አለበት። ለጉልበትሽ የምትውጪው ማስታገሻ ጨጓራሽን አቁስሎት ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሌላውን በስሙ አልጠራውም፤ አንቺም እሱን ፈርተሽ ነው የሰረዝሽው። እኔም ፈርቻለሁ። ቢሆንም በጊዜ የተገኘ እንደሆነ መፍትሔ ይኖረዋል፤ ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔን ስታሳክሚ የኖርሽ።

ስለዚህ ሌላ ቀጠሮ ያዢና ቀኑን ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ በእህቴ በኩል አይሁን። ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ልጆቹን አባታቸው ይይዛቸዋል። ውጤቱ ሲነገርሽ እኔም ክፍሉ ውስጥ እሆናለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። የትልቁ አንጀት ምርመራ ከታዘዘልሽ አንጀቱ ጥርት ብሎ እንዲታይ እንክብሉን ከቀናት በፊት አቁሚ ይሉሻል። ያኔ ታቆሚያለሽ። ከዚያ በፊት ግን አትተዪው፤ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ሻዩንም አቆዪው።

ልጅሽ