የፍሳሽ ሴንሰር የት ይተከል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር መዘጋቱና መሹለኩ እንዲታወቅ በሴንሰር (የፍሳሹን ከፍታ ለክቶ በሚልክ መሣሪያ) ይጠበቅ የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። በየማንሆሉ (ክዳን ባለው የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ ሁሉ) ይተከል ከተባለ ግን ገንዘብ መበተን ነው። መነሻው የጥገና መዝገብ ይሁን፤ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ የሚዘጉ ቦታዎች እዚያ ላይ አሉ። ምግብ ቤት ከበዛበት ሰፈር ቅባት፣ ከኮንዶሚኒየም ዳይፐርና ጨርቅ፣ ግንባታ ካለበት አሸዋና ሲሚንቶ ይወርዳል።

ሴንሰሩ የሚተከለው ከሚዘጋው ቦታ በላይ ባለው የመጀመሪያ ማንሆል ነው፤ ፍሳሹ ቀድሞ የሚያቁረው እዚያ ነውና። ከታች ባለው ማንሆል አንድ ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የላይኛው እየሞላ የታችኛው ከጎደለ መሃል ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። በክረምት ሁለቱም አብረው ከሞሉ ግን ሠራተኛ ከመላኩ በፊት የዝናቡ መጠን ይታይ።

በድምፅ ሞገድ የሚለካው ርካሹ አልትራሶኒክ ሴንሰር በአግባቡ ካልተሰቀለ ያሳስታል። ከፊቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ወደ መውረጃ ብረቱ ከተጠጋ የሚለካው ብረቱን ነው፤ የሸረሪት ድር፣ ጤዛና አረፋም ያምታቱታል። በሬዲዮ ሞገድ የሚለካው ራዳር ውድ ቢሆንም እንፋሎትና አረፋ እምብዛም አያስቸግሩትም። አንቴናው በብረት ክዳን ሥር ከቀረ መልእክቱ አይወጣም። ባትሪውን የሚጨርሰው ደግሞ ከመለካቱ ይልቅ መላኩ ስለሆነ፣ በየ15 ደቂቃው ለክቶ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢልክና የፍሳሹ ከፍታ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ብቻ ወዲያው ቢጮኽ ይበቃል።

የማስጠንቀቂያው ከፍታ ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም። የ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ በደረቅ ቀን ግማሹ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የመጀመሪያው ማንቂያ ቱቦው እስከ አናቱ ሲሞላ፣ ሁለተኛው ከክዳኑ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ይሁን። ማንቂያው ሌሊት ለማን ስልክ እንደሚደርስና የመጥረጊያ መኪናው ከየት እንደሚነሳ ሳይወሰን መሣሪያ መግዛት ከንቱ ነው።

ሾልኮ የሚጠፋ ፍሳሽን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ባይሰጥ እንመርጣለን። መስመሩ በአብዛኛው በስበት የሚሄድ እንጂ በግፊት የሚገፋ ስላልሆነ፣ የከፍታ ሴንሰር ብቻውን ስንጥቅ አያገኝም። ፍጥነትም የሚለካ መሣሪያ ከላይና ከታች ተቀምጦ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ፍሰት መነጻጸር አለበት። የመሣሪያው ስህተት 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ስለሚችል በትንሹ የሚሾልከው ይታወቃል ማለት አይቻልም፤ እሱን የሚያሳየው የቱቦ ካሜራ ነው። ሴንሰር በደንብ የሚይዘው ተቃራኒውን፣ ከውጭ ወደ መስመሩ የሚገባውን ውሃ ነው፦ ዝናብ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ፍሰቱ ሽቅብ ካለ፣ የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል።

ለመትከልም ለማጽዳትም ጋዝ ሳይለካ ማንም ወደ ማንሆል አይውረድ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «አይሸትም» ተብሎ አይገባም። ከላይ ሆኖ በዘንግ የሚሰቀልና የሚነሳ ማቀፊያ ቢገዛ፣ የሴንሰሩን ፊት ለመጥረግ ሰው ማውረድም አያስፈልግም።

ከፍሳሽ መስመር ባለሙያዎች