ሣጥኑ ባዶ ነው፦ ከታሊን የበረዶ ሜዳ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከታሊን ነው። ታሊን የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ናት። ሄልሲንኪ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ በመርከብ ሁለት ሰዓት ነው። ሌሎቻችሁ ካርታ ላይ ፈልጓት። የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ 1.37 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ተጠራርጎ ቢመጣ አዲስ አበባን አይሞላም።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ገንዘብ ልለምን ነው የመጣሁት። ልጄ ፊገር ስኬቲንግ (በስለት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዞሩበትና የሚዘሉበት ስፖርት) የምትለማመድበት ክለብ የጋራ የጫማ ሣጥን ነበረው። አሁን ሣጥኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መልሰን ለመሙላት 4,800 ዩሮ ያስፈልገናል። ወላጆች ተሯሩጠን 1,950 ሰብስበናል። 2,850 ይቀረናል፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ማግኘት አለብን።

"ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?" የምትሉ አትጠፉም። እናቴም በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ነው። "በረዶ ላይ የምትንሸራተተው ምን አጥታ ነው?" አለች። በእርግጥ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ባንዲራችንን ይዞ በስኪ ተወዳድሯል። እኔ ግን የምለምነው በሮቤል ስም አይደለም። ብድር አለብኝ። እሱን ላውጋችሁ።

ልጄ ስትጀምር ስድስት ዓመቷ ነበር። ታሊን በመጣን በሁለተኛው ክረምት ነው። ዲሴምበር ላይ እዚህ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ ግድግዳ ልትቧጥጥ ደረሰች። ጎረቤቴ "ለምን በረዶ ሜዳ አትወስጃትም?" አለችኝ። ወሰድኳት። የጫማውን ዋጋ ስሰማ ግን ኮቷን ላለብሳት ተነሳሁ። አሰልጣኟ ቆይ አለችኝና ከመልበሻ ክፍሉ ጥግ ወዳለው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ሄደች። እስከ ትከሻዋ ገብታ ስትፈልግ ቆየችና ቆዳው ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ጫማ ይዛ ወጣች። የጫማውን ምላስ ገልብጣ አሳየችኝ። ከሥሩ የአራት ልጆች ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሦስቱ ተሰርዘዋል። አራተኛውንም ሰረዘችና የልጄን ስም ጻፈችበት።

"እግሯ ሲያድግ መልሺው" አለችኝ። በቃ። ደሞዝሽ ስንት ነው፣ ወረቀትሽ ምንድን ነው ያለኝ የለም። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ልጄ ደግሞ ጫማውን ታቅፋ ተኝታ ነበር። (እኛ ክለብ አሰልጣኝ በስሟ ነው የምትጠራው። ልጄ ግን ቤት ውስጥ ስለ አሰልጣኟ ስታወራ "እትዬ" ነው የምትላት። እኔ ነኝ ያስለመድኳት፤ ደግ አደረግሁ።)

ከዚያ ወዲህ ልጄ ከሣጥኑ አራት ጥንድ ጫማ ለብሳ መልሳለች። አሁን አሥር ዓመቷ ነው።

ይህ ጫማ እንደ ሌላ ጫማ አይደለም። እኛ ቤት ጫማ ሲገዛ "ታድግበታለች" ተብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ይደረጋል፤ ፊት ለፊቱ ላይ ጥጥ ይወሸቃል። እዚህ ይህ አይሠራም። እግር ጫማው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ልጅቷ ትወድቃለች። ከሥሩ ያለው ስለት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ተቦርቡሮ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። ልጆቹ የሚዞሩት በአንደኛው ጠርዝ ላይ ተጋድመው ነው። ጠርዙ ከደነዘ ስለቱ ወደ ጎን ይከዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መሳል አለበት። ከፊት ደግሞ እንደ መጋዝ ያለ ጥርስ አለ፤ ለዝላይ በረዶውን የሚወጉት በእሱ ነው። ፈጠን ብዬ የነገርኳችሁ ኋላ ጫማ ልኩልን ስላችሁ ትፈልጉታላችሁ ብዬ ነው።

አንዲት ልጅ አለች ክለባችን ውስጥ። 13 ዓመቷ ነው፤ ኢስቶኒያዊት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ አያቷ ባይጻፍ ይሻላል ብለዋል። የምታድገው ከአያቷ ጋር ነው፤ እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው። ላስናሜ ከሚባለው የታሊን ሰፈር በአውቶቡስ ትመጣለች። በታሊን ለተመዘገበ ነዋሪ አውቶቡስ ከ2013 ጀምሮ ነፃ ነው፤ እንጂ ልምምዱም ይቀርባት ነበር። ባለፈው ሰሞን ድርብ አክሰል ጀምራለች። አክሰል ወደ ፊት እየሄዱ የሚነሱበት ብቸኛው ዝላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ግማሽ ዙር ይበልጣል። ድርቡ ሁለት ተኩል ዙር ነው። ማረፊያው ወደ ኋላ፣ በአንድ እግር ነው። ሲያርፉ እግሩ ላይ የሚወርደው ጫና ከሰውነት ክብደት በርካታ እጥፍ ነው።

እሷ ይህን የምታደርገው ቁርጭምጭሚቱ ጋ በታጠፈ ጫማ ነው። ቆዳው ሞቷል። እንዳይላላ በፕላስተር ትጠቀልለዋለች፤ ጥቁር ፕላስተር በነጭ ጫማ ላይ። አንድ ማክሰኞ አጠገቧ ተቀምጬ ሳየው፣ ስትፈታው ካልሲዋ ተረከዟ ጋ ደም ነክቶታል። "ያማል?" አልኳት። "በረዶው ላይ አያምም" አለችኝ። ልጆች እንዲህ ይዋሻሉ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በዓለም አቀፉ ሕግ ልጆች በታዳጊ ደረጃ ከ13 ዓመት ጀምሮ ይወዳደራሉ። አዋቂዎች ጋ ለመግባት ግን ከ2024-25 ውድድር ዘመን ጀምሮ 17 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ ከዚህ በፊት የ15 ዓመት ልጆች ላይ የደረሰውን አይተናል። ግን ለዚህች ልጅ ትርጉሙ አራት ዓመት መጠበቅ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚዘል ልጅ አንድ ጫማ ዓመት አይሞላለትም፤ ወይ እግሩ ያድጋል፣ ወይ ጫማው ይሞታል። አዋቂዎች ጋ ሳትደርስ አምስት ጥንድ ያህል ትጨርሳለች ማለት ነው። ስለት ያለው ጥሩ ጫማ እኛ በምንገዛበት ሱቅ ከነቅናሹ 450 ዩሮ ነው። የጡረታ አበል አይችለውም።

"ታድያ ከዚያች ትንሽ አገር ማን ወጣ?" ላላችሁ፣ ወጥቷል። በጃንዋሪ 2024 ካውናስ፣ ሊቱዌኒያ ላይ አሌክሳንደር ሴሌቭኮ በአውሮፓ ሻምፒዮና ብር አገኘ። ኢስቶኒያ በዚህ ሻምፒዮና ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነበር። ዓመት ቆይቶ በ2025 ሻምፒዮናው እዚሁ ታሊን መጣ። ቶንዲራባ በሚባለው አዳራሽ ነው የተካሄደው። ቶንዲራባ ያለው ላስናሜ ውስጥ ነው፤ በሶቪየት ጊዜ የተደረደሩ የኮንክሪት ኮንዶሚኒየሞች ያሉበት ሰፈር። አዳራሹ የተከፈተው በ2014 ነው። ያኔ ኒና ፔትሮኪና የሚሏት የታሊን ልጅ አሥር ዓመቷ ነበር፤ የአሁኗ ልጄ እኩያ።

የኒና መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። ለቤጂንግ 2022 ኦሎምፒክ ኢስቶኒያ በሴቶች አንድ ቦታ ብቻ ነበራት። የሄደችው ኤቫ-ሎታ ኪቡስ ናት፤ ኒና ቀረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ20 ዓመቷ፣ በገዛ ከተማዋ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። ለአገሯ በዚህ ስፖርት የመጀመሪያው የአውሮፓ ወርቅ ነው።

እኛ ያን ማታ ላይኛው ወንበር ላይ ነበርን። የሴቶች ነፃ ፕሮግራም፣ ማለትም የውድድሩ ሁለተኛውና ረጅሙ ክፍል፣ አራት ደቂቃ ያህል ነው። ኢስቶኒያዎችን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደስ ሲላቸውም ዝም ነው። ያን ማታ ግን ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ይነቀንቁኝ ነበር። የማላውቃቸው ሰው! ልጄ ተነስታ ስትጮህ በአማርኛ ነበር የምትጮኸው። ያቺ የ13 ዓመቷ ልጅም ከእኛ ጋር ነበረች። አልጮኸችም። ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ እያንቀሳቀሰች ዝላዮቹን ትቆጥር ነበር።

ታድያ ሣጥኑ ለምን ባዶ ሆነ? መልበሻ ክፍሉ ሲታደስ ሣጥኑን ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት አስቀመጥነው። ባለፈው የካቲት፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ በቅዝቃዜው ቧንቧ ፈነዳ። የሰማነው ሰኞ ነው። ስንደርስ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። 22 ጥንድ ጫማ ነበረን። ቆዳው አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል፤ ሶሉ ተላቋል፤ ስለቱ ዝጓል። ሁለት ሳምንት ጋዜጣ እየወሸቅን አደረቅን። የተረፈው አምስት ጥንድ ነው። ኢንሹራንሱ በስጦታ የተሰበሰበ አሮጌ ጫማ አይመለከተኝም አለ። ልጄ መጀመሪያ የለበሰችው ጫማ ከሞቱት ውስጥ ነው። ምላሱን ቆርጬ አስቀርቻለሁ፤ ስሞቹ ደብዝዘዋል እንጂ ይነበባሉ።

ወላጆች እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ቅዳሜ ቅዳሜ በረዶ ሜዳው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እንሸጣለን። አንዱ ኬክ ያመጣል፣ አንዱ ሾርባ። እኔ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ። አንድ ኩባያ በ2 ዩሮ። መጀመሪያ "የወፍ ምግብ ነው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ከልምምዱ በፊት ያልቃል። 1,950ው ላይ የዳቦ ቆሎም ድርሻ አለበት።

የሚሰበሰበው ምን ላይ ይውላል? ለትንንሾቹ 12 ጥንድ ያገለገለ ግን ጤናማ ጫማ እንገዛለን፤ አንዱ 180 ዩሮ ሲሆን ጠቅላላው 2,160 ነው። መዝለል ለጀመሩት አራት ልጆች አዲስ፣ ከነስለቱ፣ 1,800። የቀረው 840 ስለት ለማሳልና ከክልል ውድድር በፊት ጥቂት ሰዓት በረዶ ለመከራየት ነው። ለጉዞ፣ ለሆቴል፣ ለአሰልጣኝ ደሞዝ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ለልብስም እንዲሁ። ያንን የሚያብለጨልጭ ቀሚስ እኔ በግሌ አልወደውም፤ ከጫማው የሚወደድበት ጊዜ አለ። ልጆቹ ይወዱታል፤ የዓመት በዓል ልብስ ነዋ። ግን እሱን እኛ ወላጆች እንሰፋለን።

ሻምፒዮን እናወጣለን ብዬ አልዋሻችሁም። ከክለባችን 30 ልጆች አብዛኞቹ በ15 ዓመታቸው ይተዋሉ። ልጄም ትተው ይሆናል። የጠየቅኳችሁ ለሜዳሊያ አይደለም፤ በሚመጣው ክረምት በር ላይ ቆማ ዋጋ ሰምታ ኮት ልታለብስ ለምትነሳ እናት ነው።

"አገር ቤት ስንት ችግር እያለ ለፈረንጅ ልጅ?" የሚለውም ገብቶኛል። ለአገር ቤት የምትልኩትን አትንኩ፤ እኔም አልነካሁም። የማኪያቶ ገንዘብ ነው የምጠይቀው። 5 ዩሮ ይበቃል፤ 10 ከሆነ ደግሞ አንድ ስለት ለማሳል የሚሆን ነው። እና ደግሞ የፈረንጅ ልጅ የሚባለው ነገር ሣጥኑ ውስጥ አይሠራም። ከልጄ በኋላ አንዲት የዩክሬን ልጅ ያንኑ ጫማ ለብሳዋለች፤ ከእሷ በኋላ የላስናሜ ልጅ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ታሊንና ታርቱ ያላችሁ በእቁባችን ፀሐፊ በኩል ስጡ፤ በስማችሁ ይመዘገባል። ውጭ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ያደረሳችሁን ሰው ጠይቁ፤ የክለቡን ሒሳብ ቁጥር የሚሰጣችሁ እሱ ነው። በእኔ በግል አካውንት አትላኩ፤ ብትልኩም እመልሳለሁ። በየወሩ መጨረሻ ስንት እንደገባ፣ ምን እንደተገዛ ከነደረሰኙ ፎቶ አነሳለሁ። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ካልሞላ የተገኘውን ለትንንሾቹ ጫማ እናውላለን፤ አዲሶቹ አራቱ ይጠብቃሉ።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ጓዳችሁን እዩ። ስቶክሆልም፣ ኦስሎ፣ ሄልሲንኪ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት በረዶ ሜዳ ወጥተው የጠበባቸው ጫማ አንድ ቦታ ተወሽቆ ይሆናል። ስለቱ ከፊቱ ጥርስ ካለው የእኛ ነው። ጥርስ ከሌለው የሆኪ ነው፤ እሱን ለጎረቤት ስጡ። ፕላስቲክ አትላኩ፤ የዛገ አትላኩ፣ ዝገት ጠግበናል። የምንፈልገው ከ28 እስከ 38 ቁጥር ነው። ከሄልሲንኪ በመርከብ የሚመጣ ሰው ካለ ወደብ ድረስ ሄጄ እቀበላለሁ፤ ቡናም አፈላለታለሁ።

የልጄ እግር በዚህ ክረምት 35 ገብቷል። 33ቱን ትናንት ጠርጌ፣ ስለቱን አስዬ፣ ከምላሱ ሥር ስሟን ሰርዤ ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ከተረፉት አምስቱ ጋር ስድስተኛው ጥንድ ነው።