መብራትህን አትቅደመው

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እኅትህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ጉልበቴም ሙቀቱ ረገብ ካለ ወዲህ ተሽሎኛል። በስልክ ልነግርህ የምችለውን ነገር በወረቀት የጻፍሁልህ፣ በስልክ ስመክርህ «እሺ እማዬ» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ስለምታልፍብኝ ነው።

ሚኒባስ የሚነዳው የአክስትህ ልጅ እሑድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ሐረር ሲወጣ፣ ከደንገጎ በታች ካሉት ጠመዝማዛዎች በአንዱ ላይ አንድ ሞተረኛ ረጅም መብራቱን አላወርድም ብሎ ዓይኑን እንዳጠፋው፣ ደጋግሞ ብልጭ ቢያደርግለትም ከቁም ነገር እንዳልቆጠረው፣ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ግን ከኋላው ጆንያ ያሰረው ያ ሞተረኛ አንተ መሆንህን እንዳወቀ አጫወተኝ። እርሱን ያናደደው መብራትህ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሰዓቱ ነው፤ አንተ ለእኔ የነገርኸኝ ከመግሪብ በፊት ድሬ መግባትህን ነበር። ለምን እንደዋሸኸኝ አልጠይቅህም፤ እንዳልጨነቅ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ሁለተኛ ግን እንዳታደርገው።

አጭሩን መብራት አብርተህ እንደነበር ብትነግረኝ አምንሃለሁ፤ ሰውን የምታውክ ልጅ አይደለህም። ጥፋቱ የጆንያው ነው። አዴሌ ላይ ድንችና ሽንኩርት ገዝተህ ከኋላ ስትጭን የሞተሩ ጀርባ ይሰምጣል፣ ግንባሩም ቀና ይላል። አንድ ዲግሪ ቀና ቢል ምን አለበት እንዳትል፤ አንድ ዲግሪ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭሩ መብራት በትክክል ሲስተካከል በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ስላለበት፣ ያ አንድ ዲግሪ የብርሃኑን የላይኛውን ጠርዝ መሬት እንዳይነካ አድርጎ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ዓይን ሲጠፋ፣ አንተም መንገድህ ጨለመብህ። «መብራቴ ደካማ ነው» ብለህ በስልክ የነገርኸኝም ከፊሉ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ድንች እዚህም ቀፊራ ሞልቷል፤ በሌሊት እየጫንህ አታምጣልኝ።

ታይዋን ገበያ አየሁት ወዳልኸው፣ «ፀሐይ ነው» ወዳልኸው ኤልኢዲ አምፖል ልምጣ። የሞተርህ የመብራት ቤት የተቀረጸው ለአንዲት ቀጭን የሃሎጂን ክር ነው፤ ከጀርባዋ ያለው አንጸባራቂ ብርሃኑን ወደ መንገዱ የሚልከው ክሯ በተወሰነላት ነጥብ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ኤልኢዲው ግን ብርሃኑን የሚያወጣው በግራና በቀኝ ከተለጠፉ ጠፍጣፋ ነጥቦች በመሆኑ፣ እነዚያ ከክሯ ቦታ በሚሊ ሜትር እንኳ ከወጡ ብርሃኑ ይበተናል። ከጎማህ ፊት ያለው መሬት እንደ ቀን ይበራልሃል፣ ዓይንህም በዚያ ይደሰታል፣ ነገር ግን ዓይን የቀረበው ነገር በጣም ሲደምቅበት ራቅ ያለውን ጨለማ ማየት ይሳነዋል። በክረምት ደንገጎ ላይ ጉም ሲወርድማ ያ ነጭ ብርሃን መልሶ የሚመታው አንተኑ ነው። አደመቀልኝ ብለህ ነዳጅ ትሰጣለህ፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው። መብራትህን አትቅደመው።

100 ዋት የሃሎጂን አምፖል ይሻል ይሆን ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። የአንተ 35 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይስባል። 100 ዋቱ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ያው ሽቦህና ያው ማብሪያህ ስምንት እጥፍ ሙቀት ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁት ነበር፤ አንተም ከእነርሱ አንዱ ነበርህ። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ፣ ማብሪያው ሲቃጠል ደግሞ መብራቱ የሚጠፋው ጠመዝማዛው መካከል ነው።

አሁን የምልህን በጥሞና አንብብ። አምፖል ከመግዛትህ በፊት ኤሌክትሪኩ የት እየቀረ እንደሆነ ፈልግ። የሃሎጂን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። አምፖሉ 13.5 ቮልት ማግኘት ሲገባው 12 ቢደርሰው፣ ከብርሃኑ ሲሶው ያህል ይጠፋል። ሞተሩን አስነሥተህ፣ መብራቱን አብርተህ፣ በቮልት መለኪያ ሜትር በመጀመሪያ ባትሪው ጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ጀርባ ላይ ለካ፤ መብራቱ ጠፍቶ የሚለካ ቮልት ምንም አይነግርህም፤ መቀነሱ የሚታየው ኤሌክትሪኩ ሲፈስ ነውና። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሌባ አለ ማለት ነው። ሌባው በፖዘቲቩ በኩል ይሁን በማሳው፣ ማለት ኤሌክትሪኩ በሞተሩ አካል አድርጎ ወደ ባትሪው በሚመለስበት በኩል፣ ለማወቅ የሜትሩን አንዱን ዘንግ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ አድርገህ የሚያሳይህን አንብብ፤ ያ ቁጥር በመንገድ የቀረው ነው። በማሳውም እንዲሁ አድርግ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚዘነጋው ማሳውን ነው፦ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ይዝጋል፣ ቀለምና አቧራ ይገባበታል። ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረገውና መልሰህ አጥብቀህ እሰረው። በመሪው አንገት የሚያልፉትንም ሽቦዎች እያጣጠፍህ ዳስስ፤ መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ስለሚታጠፉ ከላይ ላስቲካቸው ደህና ሆኖ ከውስጥ ክሮቻቸው ተበጥሰው ይገኛሉ።

ሽቦውም ማሳውም ደህና ሆነው ማብሪያው ከሆነ የሚበላው፣ መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማለት ነው። በመሪህ ላይ ያለችው ያች ትንሽ ማብሪያ የአምፖሉን ኤሌክትሪክ በሙሉ መሸከሟ ይቀርና ሪሌውን ብቻ ታዛለች። ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፈር ያለ ሽቦ ሪሌው ላይ 30 ቁጥር ወደተጻፈበት እግር፣ ከ87 ወደ አምፖሉ፣ የማብሪያው ሽቦ ወደ 86፣ ማሳው ወደ 85። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ ሪሌ ያስፈልግሃል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ ነዳጅ ስትለቅ መብራቱ የሚፈዝዝ፣ ስትሰጥ የሚደምቅ፣ ሞተሩ ካልተነሣም ፈጽሞ የማይበራ ከሆነ መብራትህ የሚበላው ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ነው። እንደዚያ ከሆነ ሜትሩም በኤሲ (በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ይለካ፤ ሪሌውንም ከባትሪ ጋር ለማገናኘት አትቸኩል፣ ዲናሞው ባትሪውን ለዚያ በሚበቃ መጠን ላይሞላው ይችላልና። የሚያውቅ የሞተር ኤሌክትሪሺያን አብሮህ ይቁም።

አያትህ ቢኖሩ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሱት ነበር። በምድር ባቡር ማሽኒስት ሳሉ ከድሬ ተነሥተው በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ አድርገው በሌሊት ወደ ጅቡቲ ይነዱ እንደነበር ታውቃለህ፤ ስለ መብራቱ የነገሩኝን ግን የነገርሁህ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ የባቡሩ መብራት እስከ የት ድረስ ያሳያል ብዬ እጠይቃቸው ነበር፤ በሩቁ የሚያበራ መብራት ስላላቸው እኮራ ነበር። አንድ ሌሊት ከአዲጋላ ወዲያ ግመሎች ሐዲዱ ላይ ቆመው አዩ። በሩቁ ነው ያዩአቸው፤ የዓይኖቻቸውን ብልጭታ ሳይቀር አይተዋል። ፍሬኑን ያዙ፣ ጡሩንባውን ነፉ፤ ከዚያ በኋላ ለእርሳቸው የቀራቸው ሥራ መመልከት ብቻ ነበር፤ ባቡር የሚቆመው እርሱ በሚፈልገው ርቀት ነዋ። በማግስቱ ወደ ከዚራው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኒሙ ሥር ተቀመጡ፤ እናቴ ውኃ ብታቀርብላቸው እጃቸውን ሳህኑ ውስጥ እንደነከሩ ረሱት። እኔም መጥቼ መብራቱን ስጠይቅ «መብራቱማ አሳየኝ፤ አላቆመኝም እንጂ» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የግመሎቹን ባለቤት አዛውንት ደጋግመው ያነሡአቸው ነበር፤ እንዳልጮኹባቸው፣ አጠገባቸው መጥተው ዝም ብለው እንደቆሙ ይናገሩ ነበር። መምህርት ከሆንሁ በኋላ ያንን ባቡር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ፍጥነትና ርቀት አስተማርሁበት። ይህን ለአባቴ ሳልነግራቸው ሞቱ። በእርሳቸው የዚያች ሌሊት ሐዘን ስንት ልጅ ፊዚክስ እንደተማረ ቢያውቁ ኖሮ ይከብዳቸው ይሆን ይቀልላቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይቆጨኛል።

አንተ ባቡር አይደለህም፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ 16.7 ሜትር ትሄዳለህ። አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢያልፍ 25 ሜትር ሄደሃል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልትና በደህና ፍሬን ለመቆም ሌላ 23 ሜትር ያህል ያስፈልግሃል፤ በጠቅላላው 48 ሜትር። በ40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ድምሩ ወደ 27 ሜትር ይወርዳል። ይህ ለሜዳ ነው፤ የደንገጎ ቁልቁለት ደግሞ ከዚህ ያስረዝመዋል። ስለዚህ ሽቦውን ከጨረስህ በኋላ መብራት በሌለበት፣ መኪና በማያልፍበት ጨለማ ቦታ ጥቁር ጃኬትህን መሬት ላይ አንጥፍ፤ አጭሩን መብራት አብርተህ ወደ ኋላ እየራቅህ ጃኬቱ ከዓይንህ የሚጠፋበትን ቦታ ምልክት አድርግና በእርምጃ ለካው። ያ ቁጥር የፍጥነትህ ልክ ነው። 30 ሜትር ከሆነ በ60 መንዳት በጭፍን መንዳት ነው። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ አህያ፣ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ ከዚያ ጃኬት አይበልጡም። መብራትህን አትቅደመው ስልህ ይህን ማለቴ ነው።

ማስተካከሉን በቀን ብርሃን አትሞክረው። ሲመሽ ደልዳላ ቦታ ላይ ሞተሩን ከግድግዳ በ10 ሜትር አቁም፤ አንተ ተቀመጥበት፣ የምትጭነውንም ጫን። የመብራቱን መካከል ከመሬት ለክተህ ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር፤ የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይዋል። ጠርዙን ስታይ ደግሞ በየትኛው ጎን ከፍ እንደሚል ተመልከት፤ ሕንድን በመሰለ በመንገዱ ግራ በሚነዳበት አገር ለሚሸጥ ተሽከርካሪ የተሠሩ አንዳንድ መብራቶች በግራ በኩል ከፍ ይላሉ፤ እኛ ጋ ግራው የሚመጣው ሰው ዓይን ነው። እንዲህ ያለው ከገጠመህ የመብራት ቤቱን ቀይረው።

የመብራቱ ሽፋን በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፤ ባለፈው ስትመጣ ደጅ ላይ አይቼዋለሁ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስህ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየሄድህ አሸው፤ በመጨረሻ በመኪና ማስወልወያ አለስልሰው። አዲሱን 35 ዋት አምፖል ስትገጥም መስታወቱን በባዶ እጅህ አትንካው፤ የጣት ቅባት ሲሞቅ ይጎዳዋል። የራስ ቁርህንም መከለያ ቀይር፤ የተጫረ መከለያ የሚመጣውን መብራት ሁሉ ዓይንህ ላይ ይበትነዋል፤ ጥቁሩን ደግሞ በማታ ፈጽሞ አታድርገው። ከአወዳይ የሚነሣው የጫት አይሱዙ ረጅሙን አብርቶ ሲመጣብህ አትፎካከረው፤ ፍጥነትህን ቀንሰህ ዓይንህን ወደ አስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ አውርድ።

ለሪሌው፣ ለሽቦውና ለመከለያው የሚሆን ገንዘብ እኅትህ ነገ በቴሌብር ትልክልሃለች። ለኤልኢዲው ግን አንድ ብር አልሰጥም። የታኅሣሥ ገብርኤልም ደርሷል፤ ከ19ኙ በፊት ባሉት ሌሊቶች የቁልቢ ተጓዥ በደንገጎ መንገድ በእግሩ ሲጎርፍ ያድራል፤ በዚያ ሰሞን ሞተርህን ሐረር አቁመህ በቀን በሚኒባስ ና። የአክስትህ ልጅ ቦታ ይይዝልሃል፤ ይቅርታ ግን አስቀድመህ ጠይቀው።

የምትወድህ እናትህ