«ውኃው ታሟል» ያሉት አኮ ናቸው

ቱሉ ዲምቱ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አያትሽ አኮም ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ብርቱ ናቸው። ባለፈው እሑድ በስልክ «አባ፣ እኔ እኮ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በእንግሊዝኛም፣ በሦስቱም ቋንቋ ጎዶሎ ነኝ» ስትዪኝ ዝም ያልሁት መልስ አጥቼ አልነበረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ድርሰት ሲያርም የኖረ ሰው ከእጁ ይልቅ አፉ ይሰንፋል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ማሳቸውን ስለሚያጠጡ ሴቶች በእንግሊዝኛ የጻፍሽውንና የላክሽልኝን የመመረቂያ ጥናትሽን ረቂቅ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጥቼ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ይህንም ደብዳቤ የምጽፈው አጠገቤ ዘርግቼው ነው።

አማካሪሽ በኅዳጉ ላይ ካሰፈሯቸው አስተያየቶች ሁለቱ እንዳስለቀሱሽ እናትሽ ነግራኛለች። በገጽ 7 «ይህ አንቀጽ ያንቺ አይደለም» ብለዋል፤ በገጽ 19 ደግሞ «ቋንቋው ደካማ ነው፣ እንደገና ይጻፍ»። በመጀመሪያው ከእርሳቸው ጋር ነኝ። በሁለተኛውም ቢሆን ስለ ቋንቋው አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ከጥናትሽ ሁሉ የሚበልጠው ገጽ 19 መሆኑን ሳይነግሩሽ ስለቀሩ እኔ ልነግርሽ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ ስለ ገጽ 7። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወርደው ከዚያ ወደ አዋሽ እንደሚገቡ፣ በመንገዳቸው የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚቀበሉ፣ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ሊከማች እንደሚችል የሚያትተው አንቀጽሽ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ያስጠረጠረሽም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በአሜሪካኖች የፊደል አጣጣል፣ ሁለተኛው በእንግሊዞች፣ ሦስተኛው እንደገና በአሜሪካኖች ተጽፏል። ከሦስት ሰው ልብስ ቀደሽ አንድ ቀሚስ ሰፍተሻል፤ ስፌቱ ግን ከሩቅ ይታያል። ምንጮቹን በመጨረሻ መዘርዘርሽን አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ የሰውን ቃል እንዳለ ወስዶ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ማስቀመጥ፣ የባለቤቱ ስም በስተመጨረሻ ቢዘረዘርም እንኳ፣ ያው መውሰድ ነው።

ይህን የምልሽ በንጹሕ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። በእኛ ዘመን እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን 7ኛ ላይ ትምህርቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንብን ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ የለመድነው መጻፍን ሳይሆን መገልበጥን ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ጻፍ ተብዬ ከአንድ መጽሐፍ ገልብጬ አስረከብሁ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ውጤት አልጻፉበትም፤ የገለበጥሁበትን ገጽ ቁጥር ብቻ ከላይ አስፍረው ሰጡኝ። 143 ነበር። የስንቱን ተማሪ ስም ረስቼ ያን ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ ሥርዓት ፈረንጅ ያመጣብን ቀንበር እንዳይመስልሽ ደግሞ በቅኔ ቤት ያለፉትን አባቴን አስታውሺ። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረዣዥሞቹ ይሄዳል፤ የትናንቱን፣ ይልቁንም የባልንጀራውን ይዞ የመጣ እንደሆነ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። (ቅኔ ማቅረብን «መዝረፍ» ማለታቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ የሰው የማይነካበት ዘረፋ እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ወደ ገጽ 19 ልመለስ። እዚያ እንግሊዝኛሽ ይሰናከላል፤ ግሡ ከባለቤቱ ጋር ይጣላል፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ነገር ግን ሴቶቹ ውኃው መልኩን የሚለውጥበትን ሰዓት ለይተው ስለሚያውቁ ማሳቸውን ከዚያ አስቀድመው በማለዳ እንደሚያጠጡ የጻፍሽው እዚያ ነው። ይህን ከጠቀስሻቸው ጽሑፎች ከአንዳቸውም አልወሰድሽውም፤ ከጎመኑ ማሳ ዳር ከአኮና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠሽ፣ በአፋን ኦሮሞ እየጠየቅሽ፣ ቆስጣውን አብረሽ እያሰርሽ ያገኘሽው ነው። አስተርጓሚ ይዞ የመጣ ሰው ስለ ውኃው ይጠይቃቸው ይሆናል እንጂ ስለ ሰዓቱ መጠየቅ በሐሳቡም አይመጣለትም።

በዚያው ገጽ ግን አንድ ነገር አምልጦሻል። የክረምቱን የቃለ መጠይቅ ደብተርሽን እዚህ ትተሽ ስለሄድሽ ከረቂቁ ጋር አስተያይቼዋለሁ። አኮ ያሉሽን በቁቤ፣ በላቲኑ የአፋን ኦሮሞ ፊደል፣ መዝግበሽዋል፤ በእኔ ፊደል ሲጻፍ «ቢሻን ኩን ዹኩብሰቴራ» ነው፤ «ይህ ውኃ ታሟል» ማለታቸው ነው። በረቂቁ ውስጥ በዚህ ምትክ ያስቀመጥሽው የእንግሊዝኛ ሐረግ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የውኃው ጥራት ቀንሷል» ይሆናል። ሐረጉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጥራቱ የሚቀንሰው ዕቃ ነው፤ የሚታመም ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። የታመመ ነገር ደግሞ ያሳመመው አለ፤ ይድናል ተብሎ ይጠበቃል፤ ታሟል ተብሎም አይጣልም። ሴቶቹ ጉዳቱን እያወቁ ከወንዙ ያልራቁት ሌላ ውኃና ሌላ እንጀራ ስለሌላቸው መሆኑ አይካድም፤ ምናልባት ግን ውኃውን እንደ ታመመ ሕያው ነገር ከማየታቸውም ጋር ተያይዞ ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነውና ለማስረጃ አይበቃም፤ አኮን ራሳቸውን ጠይቂ። በመግቢያሽ «ለምን አሁንም በዚህ ውኃ ያጠጣሉ?» ብለሽ ያነሣሽው ጥያቄ በገጽ 19 ከመልሱ ደጃፍ ደርሶ በትርጉም ላይ ተመለሰ።

የአስቴር ገኖን ነገር ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ነበረች፤ የምታስታውሳቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌያዊ ንግግሮች እንደተነገሩ በጽሑፍ አሰባስባለች፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ሲተረጉምም አብራው ደክማበታለች። ትርጉሙ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚሁ በእኛ ፊደል ነበር። አንቺም ከመተርጎምሽ በፊት የሰማሽውን እንደተሰማ በደብተር ላይ አስፍረሻል፤ ይህን አላስተማርንሽም፣ ከራስሽ ያመጣሽው ነው። እንግዲህ ያ ደብተር በኮሮጆ ውስጥ አይቅር፤ የአኮ ቃል በቁቤ ይግባ፣ ትርጉሙ ከሥሩ ይከተል፣ የቀሩት ሙሉ ንግግሮች በአባሪ ይያያዙ። አማካሪሽም በዚህ የሚቃወሙ አይመስለኝም።

«ጎዶሎ» ወዳልሽው ልምጣ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ፣ ትምህርት ቤትሽ ማዶ ገላን ነበር። በ2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስናስገባሽ፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከደነገገ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሆኖም ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ «ልጅቷን ከሁለት ያጣች ጎመን ልታደርጋት ነው» ብለው ተቆጥተውኛል። እስከ 8ኛ ክፍል በእናትሽ ቋንቋ ተማርሽ፤ ማታ ማታ ከእኔ ጋር አማርኛ አነበብሽ፤ 9ኛ ላይ እንግሊዝኛው መጣ። በግቢያችን ልጆች አማርኛሽ ያስቃቸው ነበር፤ በትምህርት ቤት ደግሞ «የአዲስ አበባ ልጅ» ተባልሽ። ስምሽ ራሱ በምስክር ወረቀት፣ በመታወቂያና በፈተና ውጤት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተጽፎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጡ ብሎ ሦስት ቀን አመላልሶናል። በመስኮቱ አጠገብ ቆመሽ «አባ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?» ስትዪ አብሬሽ ሳቅሁ። ቀልድ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ባለፈው እሑድ ነው፤ ለዚያ ሳቅ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እውነተኛውን ጎዶሎ ማየት ብትፈልጊ ግን እኔን ተመልከቺ። እናትሽን ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አኮ ያቀረቡልኝን ገንፎ «ለስላሳ ነው» ብዬ ላመሰግን ፈልጌ፣ «ላፋ» ማለት ሲገባኝ አናባቢውን አሳጥሬ «ለፈ» አልኋቸው። ገንፎዎን መሬት ነው ማለቴ ነበር። እርሳቸው በሳቅ ሲፈርሱ እኔ አፍሬ ድፍን ዓመት በእርሳቸው ፊት አፋን ኦሮሞ አልተናገርሁም፤ እነሆ ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ዛሬም እሰማለሁ እንጂ ደፍሬ አልናገርም። ልጄ፣ ሰው የሚጎድለው እንዲህ ነው፤ በማፈር።

ከማደሪያ ጓደኞችሽ አንዳንዶቹ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ስለሚያፈሱት አንቺ የዘገየሽ መስሎሻል። ጂም ከሚንስ የተባለው የካናዳ ምሁር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው አንድ ነገር አለ፤ ለዕለት ጨዋታ የሚሆን ቋንቋና ለትምህርት የሚሆን ቋንቋ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ልጆች በሁለት ዓመት ገደማ ይይዙታል፤ ሁለተኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። በአንዱ ቋንቋ የተማሩት ማሰብ ደግሞ በሌላው ውስጥ ያገለግላል እንጂ አይባክንም ይላል። ስሌቱ የተወሰደው እንግሊዝኛ በመንገዱና በገበያው ሁሉ በሚነገርበት አገር ከሚኖሩ የስደተኛ ልጆች መሆኑን አትርሺ። አንቺ በእንግሊዝኛ መማር ከጀመርሽ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ ያውም ከመማሪያ ክፍል በር ሲወጡ በሚያልቅ እንግሊዝኛ። ጓደኞችሽን ስለ ምርምር ዘዴያቸው ሦስት ገጽ እንዲጽፉ ጠይቂያቸውና ያን ጊዜ ፍጥነታቸውን እዪ።

አንድ የሚያስቸግርሽ ነገር ግን በእርግጥ አለ፤ በረቂቁ ሁሉ አይቼዋለሁ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ ሰሚው እስከ ፍጻሜው መታገሥ አለበት። አንቺም አንቀጽሽን እንደ ዓረፍተ ነገራችን ትሠሪዋለሽ፤ ምክንያቱን ሁሉ ደርድረሽ ኃይለ ቃሉን መጨረሻ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። አማካሪሽ በአራት ቦታ «ነጥቡ የት አለ?» ያሉት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን የባህላችን ጠባይ፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው ይለዋል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ለቀበሌ ማመልከቻ ስንጽፍ ገና ከራስጌው «ጉዳዩ፦» ብለን አስምረንበት አይደለም ወይ የምንጀምረው? እንግዲህ ለእያንዳንዱ አንቀጽ በልብሽ አንድ «ጉዳዩ፦» ጻፊለት፤ ያንኑ መጀመሪያ ላይ አስቀምጪው፤ ከዚያ በኋላ አስረጂ።

ቢጋሩን በፈለግሽው ቋንቋ አውጪው፤ በሦስቱ ቢደባለቅም ማንም አያየውም። ገጽ 7ን ደግሞ ምንጮቹን ካነበብሽ በኋላ ዘግተሽ፣ ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ በአፋን ኦሮሞ በቃልሽ ተናገሪውና በስልክሽ ቅጂው። ያልገባሽ ቦታ ላይ ምላስሽ ራሱ ይቆማል። የገባሽን በራስሽ እንግሊዝኛ ጻፊው፤ ከማን እንዳገኘሽው እዚያው ጥቀሺ። ሰዋስውሽ ቢሰናከል ለማረም አንድ ቀን ይበቃል።

ረቂቁን እናትሽ ካዘጋጀችው በሶ ጋር ሰኞ ወደዚያ በሚሄደው የጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬዋለሁ። በቀይ ያሰመርሁት ገጽ 19ን ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛውን አልነካሁትም። ከፈተና በኋላ ስትመጪ ከአኮ ዘንድ ለማደር አስቢ፤ ወደ ማሳ የሚወርዱት ሳይነጋ ስለሆነ ከዚህ ተነሥተሽ አትደርሺባቸውም። ትናንት ሲጠይቁኝ «ያ ወረቀት ስለ ጎመኔ ምን አለ?» ብለውኛል፤ በእኔ ስብርባሪ አፋን ኦሮሞ ከምነግራቸው አንቺ ብትመጪ ይሻላል ብያቸዋለሁ።

አባትሽ