ለሰው ብለሽ ብትሄጂስ?

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። እዚያ ቨርጂኒያ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ለመተያየት፣ ሥራ ለመጠያየቅ፣ ቤት ለማፈላለግ ነው፣ እኔም ሰው ናፍቆኝ ነው የምሄደው፣ ይሄ ማስመሰል ስለሆነ ላቆም ነው አልሽኝ።

እኔ ማስመሰል አይመስለኝም። እዚህስ ምን የተለየ ነገር አለ? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ጋ ጸሎትም አለ፣ ወሬም አለ። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ ፈታ የሚባለው ዳቦና ጠላው ላይ ነው፤ ነዳያንም ከዚያው ይቀምሳሉ። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ሲባል ኖሯል እኮ! ጃንሜዳ ሎሚ ይዞ የሚወጣው ጎረምሳ ታቦት ብቻ ሊሸኝ አልወጣም። ታቦቱን ግን ሸኝቷል።

ቅዳሴውም ቢሆን ለብቻ አይሆንም። ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟሉ አይቀደስም። ቄሱ የቱንም ያህል ቢበቁ ብቻቸውን አይቀድሱም።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አዘውትረው አምልኮ የሚሄዱ አሜሪካውያንን ለምን እንደሚሄዱ ጠይቆ ነበር። 81 በመቶው ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ የሚለውን በጣም አስፈላጊ ምክንያት ነው አሉ፤ ከሰው ለመተዋወቅና ለመጫወት የሚለውን እንደዚያ ያሉት 19 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔ ግን ጠያቂ ፊት “ለጨዋታ ነው የምሄደው” የሚል ደፋር ብዙ አይመስለኝም።

አዎ፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ “እንጀራ በልታችሁ ስለጠገባችሁ ነው የምትፈልጉኝ” ብሎ ገሥጿቸዋል። ግን መጀመሪያ አብልቷቸዋል። ተግሣጹም የመጣው ከጠገቡ በኋላ ነው።

ቅዳሴ እየተቀደሰ ስልክ መነካካቱን ግን አልወድም፣ ወሬው በኋላ ይደርሳል። ከሱ የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር ክብ ሠርቶ እየሳቀ አዲስ የመጣችውን ልጅ ሰላም እንኳን የማይላት ሰው ነው፤ እሷ በሚቀጥለው እሁድ ለምን ትመጣለች? አንቺ እንዲህ ያለች ካየሽ ቀድመሽ ሂጂላት።

የሚካኤል ማኅበር ግቢ ያሉሽንም እሺ በያቸው። ወር በገባ በ12 ነው፣ እዚያ ወደ ቅዳሜና እሁድ ያዛውሩታል መሰለኝ። ተራሽ ሲደርስ ድፎውን እንዴት እንደምትጋግሪ በቪዲዮ አሳይሻለሁ፤ ኮባ ካጣሽ በፎይልም ይሆናል።

እናትሽ