በጠመንጃ ላይ የተቀረጸ ስም ሁልጊዜ የሠሪው ስም አይደለም

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በ1868 ዓ.ም. በጉራዕ ጦርነት ከግብጽ ሠራዊት ስለ ተማረኩት፣ የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ስለሆኑት የሬሚንግተን ጠመንጃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም በጽሑፉ መጨረሻ፣ አንድን የድሮ የአሜሪካ ጠመንጃ ማን እንደ ሠራው ለማወቅ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ስም ማንበብ እንደሚበቃ የተገለጸው ነገር አንባቢን ስለሚያሳስት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። አባባሉ ለፋብሪካ ጠመንጃ ያስኬድ ይሆናል፤ በየገጠሩ በእጅ ለተሠራው ግን አይሆንም።

እኔ እዚህ አዳማ የብረታ ብረት ሥራ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አባቴ በከተማችን ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር በነበረችው ጠባብ ሱቁ ጠመንጃ ይጠግን ስለ ነበር፣ ከሞረድና ከሞርሳ ጋር አብሬ አድጌአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስማቸው የተረሳ የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎችን በአሮጌ መዛግብት እየፈለግሁ ነው፤ ብዙዎቹ መዛግብት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ስለሚገኙ ከአዳማ ሳልወጣ አነባቸዋለሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ (የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፔንሲልቬንያ፣ በተለይም በላንካስተር አካባቢ፣ አብዛኞቹ ከጀርመን የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች የሆኑ ባለሙያዎች ረጅም ጠመንጃ የሚባለውን በትንንሽ ሱቆች ይሠሩ ነበር። ሠሪው ሰደፉን ራሱ ይጠርባል፣ የነሐሱን ጌጥ ራሱ ይገጥማል፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የቃታ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም የመጣውን ከነጋዴ ይገዛል። ስለዚህ በቃታው ብረት ላይ የሚታየው ስም የቃታ ሠሪው ወይም የነጋዴው ሊሆን ይችላል። አፈሙዙም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በጽሑፋችሁ የተወደሰው የሬሚንግተን ድርጅት ራሱ፣ በ1816 በኒው ዮርክ ግዛት ሥራ ሲጀምር፣ ለሌሎች ጠመንጃ ሠሪዎች አፈሙዝ እየሠራ ይሸጥ ነበር። እውነተኛው ሠሪ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ጽፎ ያልፋል፤ አንዳንዱ እርሱንም አይጽፍም።

አሜሪካ የሚኖር የእህቴ ልጅ የአንዱን እንዲህ ያለ ጠመንጃ ፎቶግራፍ ልኮልኝ ነበር። በቃታው ላይ የእንግሊዝ ነጋዴ ስም፣ በአፈሙዙ ላይ ሁለት ፊደላት አሉ። የአካባቢውን የግብር መዝገብ ስመለከት ስማቸው በእነዚያ ፊደላት የሚጀምር ሦስት ሰዎች አገኘሁ፤ አንዱ ጫማ ሰፊ፣ አንዱ ወፍጮ ጠባቂ፣ አንዱ ጠመንጃ ሠሪ ተብለዋል። ከዚያ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ሄድሁ። ከ1850 በፊት የነበሩት ቆጠራዎች በስም የሚጽፉት የቤቱን አባወራ ብቻ ነው፤ የ1850ው ግን ነጻ የሆነውን ሰው ሁሉ ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከነትውልድ ቦታው፣ የወንዶቹን ደግሞ ከነሙያቸው መዝግቧል። የእኔ ሰው፣ በግብር መዝገቡ ጠመንጃ ሠሪ የተባለው፣ እዚያ ላይ ገበሬ ተብሎ ተገኘ፤ የስሙም አጻጻፍ ከግብር መዝገቡ የተለየ ነበር። እኛ ኃይሉ የሚለውን ስም በሦስት ዓይነት ሀ እንደምንጽፈው፣ የጀርመኑንም ስም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጸሐፊ በሰማው መጠን ይጽፈዋል።

ጥርጣሬዬን የፈታልኝ ከሞተ በኋላ የተጻፈው የንብረት ዝርዝር ነው። ከሁለት ላምና ከአንድ ማረሻ ቀጥሎ መስፍ፣ ወናፍ፣ ሞርሳ፣ በአፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የሚወጣበት ረጅም የእንጨት መሣሪያ፣ በመጨረሻም ያልተጠናቀቁ አራት ሰደፎች ይላል። ይህን መስመር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጠመንጃም የሚሠራ፣ መሬትም የሚያርስ ሰው ነበር ማለት ነው።

ከመዝገብ ያጡት ሁሉ አልነበረም ማለትም ትልቅ ስሕተት ነው። ከ1850 እስከ 1880 ከሕዝብ ቆጠራው ጋር የተሰበሰበው የአምራቾች ዝርዝር በዓመት ቢያንስ የ500 ዶላር ምርት ያላቸውን ሱቆች ብቻ ስለሚይዝ ድሆቹ ባለሙያዎች የሉበትም። በታኅሣሥ 1836 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ሲቃጠል 10,000 ያህል ፓተንቶች ወድመው ሊተኩ የቻሉት 2,800 ገደማ ናቸው፤ የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው ክፍልም በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የባሪያዎቹ ነገር ነው። በ1850ና በ1860 ቆጠራዎች ባሪያዎች የተመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ነው እንጂ በስማቸው አይደለም። ከእነርሱ መካከል ብረት የሚሠራ እጅ ቢኖር ስሙን ማግኘት የሚቻለው በጌታው የሒሳብ ደብተር፣ በውርስ ዝርዝር ወይም ጠፋብኝ በሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ ውስጥ ነው። በእኛም አገር ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ሲናቅ ስለ ኖረ፣ ይህ ለእኔ የሩቅ ሰው ታሪክ ሆኖ አይሰማኝም።

ስለዚህ በብረት ላይ የተገኘ ስም፣ ቢያንስ በግብር መዝገብ ወይም በንብረት ዝርዝር ሳይረጋገጥ የሠሪው ስም ነው ተብሎ እንዳይጻፍ፣ የተሳሳተውም ሐሳብ በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአባቴ የሱቅ ደብተር እስከ ዛሬ በእጄ ይገኛል፤ በአዳማ ወይም በአካባቢዋ የጠመንጃ ጠጋኝ አባታቸውን ወይም አያታቸውን ደብተር፣ ደረሰኝ ወይም የሥራ ፈቃድ ያስቀመጡ ቤተሰቦች ካሉ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቁኝ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ